የዓርቡ ቃለ መጠይቅ

ሰኞ

ጠሩኝ! ኢሜይሉን ያነበብኩት ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው። ሆላንድ ያለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ማመልከቻዬን ወዶታል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያደርጉልኛል። አፌን በእጄ ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ለማን ልንገር ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየኋቸውና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ብደውል «ተምረሽ ጨርሰሽ የለም እንዴ?» ትለኛለች። የሚያውቁት የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝ አለቃዬ አቶ መኩሪያ ብቻ ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። «ጎሽ» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚህ ለማንም እንዳታወሪ»።

እሺ። ለማን አወራለሁ ብለው ነው?

ማታ መልስ መለማመድ ጀመርኩ። የሕግ ባለሙያ ሆነሽ ሳለ ለምን ቢዝነስ? መቼም ይህን ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ነገረ ፈጅ ነኝ። መስመሩ በማን እርሻ እንደሚያልፍ፣ ለገበሬው ምን እንደሚሰጠው ኢንጂነሮቹና የፋይናንስ ሰዎቹ ተሰብስበው ይወስናሉ። ካለቀ በኋላ «ራሔል፣ ይህቺን በሕግ ቋንቋ አድርጊልን» ይሉኛል። እኔ ከመወሰኑ በፊት መናገር እፈልጋለሁ። ለዚያ ደግሞ የእነሱን ሒሳብ ማወቅ አለብኝ።

ጥሩ መልስ ነው፣ እውነትም ነው። ሌላም እውነት አለ፤ እዚህ ብቻዬን መኖር ሰልችቶኛል። እሱን ዓርብ አልናገርም።

ማክሰኞ

ጠዋት ከሰበታ የተሳፈርኩበት ታክሲ ዓለም ገና ላይ ቆመ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል። ረዳቱ «ውረዱ፣ ከዚህ አናልፍም» አለ። ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በእግር ወደ ፉሪ ሄድን። አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች በወላይትኛ መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር፤ ፈርተው ይመስለኛል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን የማንጎራጉረው ነገር አልመጣልኝም።

ቢሮ ስደርስ ሁሉም ከበቡኝ። «ሰበታ ምን አለ? ምን ይላሉ?» የሩቅ አገር ወሬ የሚጠይቁ ይመስላሉ። አንደኛው «የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ልማት ነው፤ ምን ያስጮኻቸዋል?» አለ። ከተማው ሲሰፋ የማን ማሳ እንደሚሄድ ታውቃለህ ልለው ነበር። አላልኩትም። የእርሻ መልቀቂያ ውል የምጽፈው እኔው ነኝ።

ለቢሮ ሰዎቹ የሰበታ ሰው ነኝ። ለሰበታዎቹ ደግሞ ጠዋት ሄዳ ማታ የምትመጣ የአዲስ አበባ ሰው። ምሳ ብቻዬን በላሁ።

ረቡዕ

ሰበታ ኢንተርኔት የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ዳታው ሞቷል። ዓርብ አዲስ አበባ መዋል አለብኝ ማለት ነው። ቢሮ አይሆንም፣ ሰው ይሰማል። ሆቴል ሎቢ? ጫጫታው? እሱን እያወጣሁ እያወረድኩ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። አከራዬ ኦቦ ደቻሳ ደጅ ቆመዋል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሁልጊዜ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ፤ ዛሬ ዓይናቸው አላየኝም። ልጃቸውን ሌንሴን ፖሊሶች ወስደዋታል። አስተማሪ ናት። ተማሪዎቹ ሰልፍ ሲወጡ ልትመልሳቸው በር ላይ ቆማ ነበር አሉ፤ ከእነሱ ጋር አብረው ጫኗት።

ሌንሴና እኔ እኩያ ነን። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ቧንቧው ጋ «ደህና አደርሽ» ከመባባል አልፈን አናውቅም።

ልጠይቃቸው ገባሁ። ስገባ ወሬው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ «ቁጭ በይ» አሉ። ለእኔ ብለው ቋንቋ መለወጣቸው አክብሮት ነው፤ ግን ወሬው አብሮ ይሞታል። ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ።

ኋላ ኦቦ ደቻሳ በሬን አንኳኩ።

«ሕግ ነው አይደል የተማርሽው?»

«አዎ፣ ግን የመብራት ውል ነው የምሠራው። የጥብቅና ፈቃድ የለኝም፤ ሰው ወክዬ መቆም አልችልም።»

«እንድትቆሚ አይደለም» አሉኝ። «ነገ አብረሽኝ ብትሄጂ ብዬ ነው።»

መብራት ጠፍቷል። የመብራት ሕግ ባለሙያዋ በሻማ ትጽፋለች።

ሐሙስ

መንገድ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ከኦቦ ደቻሳ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ደጁ በእናቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም የምግብ ሳህን በፌስታል ይዘዋል።

ፖሊሱ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት አለው። «አንቺ ምኗ ነሽ?» አለኝ።

«ተከራያቸው ነኝ።»

ሳቀብኝ። «በሕገ መንግሥቱ መሠረት በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት» አልኩት። ይህን ከተማርኩ በኋላ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አየኝ። «የት ነው የምትሠሪው?» አለ። ነገርኩት። መዝገቡን ገልጦ አየና «ነገ ይቀርባሉ፣ ከሰዓት» አለ። ቀድሞም ሊቀርቡ ታስቦ ይሆናል እንጂ እኔ ስለተናገርኩ አይመስለኝም። ኦቦ ደቻሳ ግን በእኔ ምክንያት ነው ብለው ያዙ። መንገዱን በሙሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ያሳዩኛል። ልጅቷ ሕግ አዋቂ ናት ይላሉ መሰለኝ።

ነገ ከሰዓት። ልክ የእኔ ሰዓት።

ለአቶ መኩሪያ ደወልኩ፤ የድምፅ ስልክ ይሠራል። «ለትምህርት ቤቱ ይጻፉልኝ፤ ኢንተርኔት የለኝም፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉልኝ ይበሉልኝ» አልኳቸው። «እሺ፤ አንቺ ግን እንደምንም ብለሽ ነይ፣ የስልክ ነገር አይታመንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት በእግሬ ብነሳ እደርሳለሁ። ፍርድ ቤት ብገኝስ ምን እጠቅማለሁ? ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ከሰላምታ አላልፍም። ማለት ያለባቸውን ለኦቦ ደቻሳ ዛሬ አስጠንቻቸዋለሁ፤ መቼ እንደተያዘች፣ ቋሚ አድራሻና ሥራ እንዳላት፣ ዋስ እንደሚጠሩ። ከዚህ በላይ ምን አለኝ?

እሄዳለሁ። ነገ ማልጄ እሄዳለሁ።

ዓርብ

አልሄድኩም።

ለቃለ መጠይቁ ያስቀመጥኩትን ጥቁር ኮት ለብሼ፣ ለመንገዱ ሸራ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ኦቦ ደቻሳ በር ላይ ቆመዋል። ተላጭተዋል፣ ንጹህ ጋቢ ደርበዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ፊታቸው በራ። «ለፍርድ ቤት ጥሩ ለብሰሻል» አሉኝ።

ምን ልበል? ኮቱ ለሌላ ነው ልበል?

«አዎ» አልኩ።

ችሎቱ ጠባብ ነው። ሌንሴን ከሌሎች ጋር አስገቧት። ሻሿ የለም፣ ፀጉሯ ላይ ጭድ ተሰክቷል። አባቷን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ስሟ ተጠራ፤ ኦቦ ደቻሳ ተነሱ። ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንዘፈዘፈ። አየሁት። የውጭ አገር ቁጥር።

በሩ ቅርቤ ነበር። ሦስት አራት እርምጃ ብራመድ ደጅ ነኝ። ግማሽ ተነሳሁ። ኦቦ ደቻሳ ዞረው አዩኝ። የጠፋባቸው ቃል ያለ ይመስል በዓይናቸው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ቋንቋው እንኳ የለኝም። ስልኩን አጠፋሁትና ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላቸው። መናገር ጀመሩ።

ምን እንዳሉ አልገባኝም። «ባርሲስቱ» የምትለውን ብቻ ለየሁ፤ አስተማሪ ማለት ነው። ፖሊሱ ረጅም ተናገረ። ዳኛዋ ጻፈች፣ ጠየቀች፣ ጻፈች። የሌንሴ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ተነስቶ ዋስ እሆናለሁ ያለ መሰለኝ። ድንገት ሰው እፎይ አለ፤ አጠገቤ ያለችው ሴት በጆሮዬ «ፈቷት» አለችኝ።

ደጅ ወጥቼ ስልኩን ከፈትኩ። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ኦቦ ደቻሳ ፈልገው አገኙኝ። «አታልቅሺ ልጄ፣ ወጣች እኮ» እያሉ በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

ቅዳሜ

ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ በእንግዳ ነው። አዴ ጫልቱ ክፍሌ ድረስ መጡ። «ኮቱ፣ ኮቱ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ፣ ብለው እጄን ይዘው ከሴቶቹ መሃል አስቀመጡኝ። ዛሬ ማንም ወደ አማርኛ አልዞረም። ወሬው በጎኔ፣ በራሴ ላይ፣ በፊቴ እያለፈ ሲሄድ ዋለ። ሲስቁ እስቃለሁ። ደስ ብሎኛል። ሆኖም እንደዛሬ ብቸኛ የሆንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከሰዓት ሌንሴ ብቻዋን መጣች። ክፍሌ ገብታ አታውቅም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ ችሎት ውስጥ ስልክ ተደውሎልሽ ነበር አለኝ። ማን ነው?»

ነገርኳት፣ ሁሉንም። ሆላንዱንም፣ ኮቱንም።

«አብደሻል?» ብላ ጮኸች። «አንድ ቃል ሳይገባሽ እዚያ ከምትቀመጪ ወጥተሽ አታነሺም ነበር?»

«አባትሽ እያዩኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች።

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽን?»

እንድመልስላት አላስጨነቀችኝም። ጣቢያ ውስጥ ስላደረችበት ሲሚንቶ ቅዝቃዜ፣ ከእሷ ጋር ስለታሰረችው ሌሊቱን ሙሉ ስለምታስነጥስ ሴትዮ አወራችኝ፤ የሴትዮዋን ማስነጠስ እያስመሰለች አሳቀችኝ። እስኪመሽ አልሄደችም።

ሰኞ

ታክሲ ይሠራል። መንገዱ ዳር ወታደር አለ፤ ድንጋዩ ተገፍቷል። ቢሮ ገብቼ ኮት ሳላወልቅ ኢሜይል ከፈትኩ።

አጭር ናት። ሁኔታዬን ከአቶ መኩሪያ መልእክት እንደተረዱ፣ ዓርብ ደውለው እንዳጡኝ፣ የቃለ መጠይቁ ሳምንት እንዳለቀ ጽፈዋል። ሌላ ቀን ይፈቀድልኝ እንደሆነ ኮሚቴውን ይጠይቃሉ። በዚህ ሳምንት በስልክ ያሳውቁኛል። እምቢ አይደለም፤ እሺም አይደለም። ችሎት ውስጥ እንደነበርኩ ጻፍኩላቸው። የማን ጉዳይ፣ ለምን እንደሆነ አልዘረዘርኩም። የጎረቤቴ ጉዳይ ነበር ብቻ አልኩ።

አቶ መኩሪያ «ስልኩን ብታነሺው ኖሮ» ብለው ጀምረው ተዉት።

ወደ ቤት ስገባ ሌንሴ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከሩቅ በቅንድቧ ጠየቀችኝ።

«አልወሰኑም። ኮሚቴ ይጠየቃል፤ በዚህ ሳምንት ይነግሩኛል» አልኳት።

«እንግዲህ እንጠብቃለና» አለችና የቀረውን ልብስ እንዳግዛት አንዱን ጫፍ ወረወረችልኝ። አንሶላ ነበር። ጨመቅነው፣ አሰጣነው።

ኢንተርኔቱ አሁንም አልተለቀቀም። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።