የተሰነጠቀው ሻፍት

አዳማ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ከጎጃም መጥቼ በዚህ ከተማ በብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ከቆምሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ በእጄ ሥራ አፍሬ አላውቅም ነበር። ጠዋት ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር የከባድ መኪናውን የኋላ ሻፍት አመጣ። ስንጥቅ አየሁበትና ለጋራዡ ባለቤት ይጣል አልሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ቅኔ ቤት አይደለም። በብየዳ ይሸፈን። እምቢ ካሉ የእርስዎን ቦታ የሚፈልግ ሞልቷል» አለኝ።

በስድሳ ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል? ስንጥቁ በብየዳ ተደፈነ፤ በስመ ሥላሴ ብዬ በማስነሣው ቶርኖ እኔው አዲስ እስኪመስል አለሰለስሁት። ለሾፌሩ እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ነበር። እርሱ ግን ዕቃውን ሲረከብ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ» አለኝ።

አሜን አልሁ።