ሳልነግርሽ የዘለልኩት መስመር

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ያው ቶየን፣ የድሮው ቤታችን ነን። አባዬ ወጥ መሥራት ለምዷል፤ ጨው ያበዛል እንጂ ይበላል። በስምሽ ደብዳቤ አሁንም ይመጣል፤ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ዋናውን እየሸሸሁ ነው።

ዋናው ጉልበትሽን ሲያምሽ የታዘዘልሽ ኪኒን ነው። ቢየርቪካ፣ አዲሱ ኦፔራ ቤት አካባቢ ያለውን ቢሮ ስታጸጂ ውለሽ ደረጃችንን ግድግዳ እየተደገፍሽ ትወጪ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት እንዳነብልሽ ሰጠሽኝ። ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር ቸኮልኩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር አልኩሽ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። የደም ግፊቱን መድኃኒት ወረቀት ሙሉውን ያነበብኩልሽ ጊዜ ፈርተሽ መዋጥ ትተሽ ነበር፤ ለዚያ ነው እያልኩ ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ። ግን ሌላም ነገር ነበር። ሰገራ ከጠቆረ በአስቸኳይ ሐኪም ያነጋግሩ ይላል። ያንን ቃል እናቴ ፊት መናገር አፈርኩ።

«ሌላ የሚለው ነገር የለም?» አልሽኝ።

«ናይ፣ የለም፣ ይኸው ነው» አልኩሽ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊትሽ ገረጣ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወድቀሽ አገኘንሽ። ሆስፒታል ሐኪሟ ሰገራሽ ጠቁሮ እንደሆነ ጠየቀች፤ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ያኔ ቃሉን ለመናገር አላፈርኩም።

«ጃ፣ አዎ። ሁለት ሳምንት ሆነው» አልሽ፣ ሐኪሟን ሳይሆን እኔን እያየሽ።

ጨጓራሽ ሲደማ ሰንብቶ ነበር። በማግስቱ አረፍሽ።

ያ አስተያየትሽ አልለቀቀኝም። ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ ያንቺ ዕድሜ ሴት ሁሉ እንደዚያ የምታየኝ ይመስለኛል። ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ «ሌላ የሚለው ነገር የለም?» ብለሽ የምትጠይቂኝ ይመስለኝና ውኃውን እዘጋለሁ። ወቀሳ ይሁን ይቅርታ፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መጥቆሩን ለእኔ ነግራኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሜሮን ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ አለችኝ። እሺ አልኳት።»

ይህን ይዞ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ጋር ሲበላ የኖረው። እጁን ያዝኩት። ከዚያ ስላንቺ አወራን፤ ከቀብርሽ ወዲህ ስምሽን ሲጠራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ስቶቭነር ሰፈር በረዶ ላይ ተንሸራተሽ ወድቀሽ፣ ልናነሳሽ ስንመጣ እንባሽ እስኪፈስ የሳቅሽበትን ቀን አነሳ። ረስቼው ነበር።

እማዬ፣ እንግዲህ የሳቅሽውንም፣ እዚያ አልጋ ላይ ሆነሽ ያየሽኝንም አብሬ እይዛለሁ። አንዱን ለማቅለል ብዬ ሌላውን አልጥልም።

ልጅሽ ሜሮን