ካምቢዮው ተገጥሟል

ውድ ባለቤቴ፣

«ባለቤቴ» የሚለውን ልሰርዘው ነበር፤ ሌላ የምጠራሽ ቃል ስላጣሁ ተውኩት። በደህናው ጊዜም ደብዳቤ የምጽፍ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ዛሬ የምጽፈው ትናንት በስልክ ስትጠይቂኝ እንደ ልማዴ አፌ ስለተሳሰረ ነው። «መኪናዋን ሆን ብለህ ነው የምታዘገያት?» አልሽኝ። «አይደለም» ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ካምቢዮውን ያወረድነው አብረን ነው። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ፒካፓችን ዳገት አልወጣ ስትል፣ «ጣውንቴ ደግሞ ዛሬ ምን አማራት?» እያልሽ ቡሎኖቹን በየቆርቆሮው የለየሽልኝ አንቺ ነሽ። በሳምንቱ ሄድሽ። ካምቢዮው ግቢ ውስጥ ጣውላ ላይ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ሦስት ወር ተቀመጠ። አልነካሁትም። ከዚያ ደወልሽና «የስፌት መኪናዬንና ቁም ሳጥኑን አምጣልኝ። ሌላ ሰው ከጫነው ይሰብረዋል፤ የማምነው አንተን ነው» አልሽኝ። እንዲህ ያለ አደራ የተጣለበት ባል ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን? ጥለሽኝ ሄደሽ፣ የቀረውን ዕቃሽን የማደርስልሽም እኔው ነኝ። እሺ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጀመርኩ። ጎረቤታችን በያጁ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ጋሼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው እኮ፤ ልምጣ?» አለኝ። «ሥራህን ሥራ» አልኩት። ክፉ ሆኜ አይደለም። ጋቢናው ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው ተቀምጦ ፔዳል ሲረግጥልኝ ማየት አልፈለግሁም።

የፍሪሲዮኑን ዲስክ አስገባሁ፣ ሽፋኑን አጠበቅሁ፣ ያን ከባድ ካምቢዮ በክሪክ እያነሳሁ፣ በጉልበቴ እየደገፍኩ፣ በየመሃሉ እየተሳደብኩ ገጠምኩት። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነስቼ ማርሽ ላስገባ ስል ጥርሱ ተንጫጨ እንጂ አልገባም። ዲስኩን ገልብጬ ገጥሜዋለሁ። ያበጠው ፊቱ ወደ ካምቢዮው መዞር ሲገባው ወደ ሞተሩ አዙሬዋለሁ። ይህን ስህተት ጀማሪ በመጀመሪያ ሳምንቱ ይሠራዋል፤ እኔ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሠርቼው አላውቅም። ለምን እንዳልሠራሁት ያን ጊዜ ገባኝ። ሁልጊዜ አንቺ «ሆዱ ወዴት ነው?» ትዪኛለሽ፣ እኔም «ዝም በይ፣ አውቃለሁ» እልና ዞር ብዬ አየው ነበር። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። የሚያርመውም የለም።

ሆን ብዬ ነው ወይ? አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፦ ስህተቱ ሲገባኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ሳይሆን ደስታ ነው። ሁለት ቀን አተረፍኩ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው በራሴ ያፈርኩት።

ረቡዕ አውርጄ፣ ዲስኩን አዙሬ፣ መልሼ ሳስገባ ክሪኩ ተንሸራተተና ካምቢዮው ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። አልተጎዳሁም፣ አትደንግጪ፤ ዘንጉ ዲስኩ ውስጥ ግማሽ ድረስ ገብቶ ስለነበር እሱ ይዞልኛል። ግን ወደ ላይ ልግፋው ብል አቅም የለኝም፤ ልልቀቀው ብል ዲስኩንም እኔንም ይሰብራል። እንደተጋደምኩ ቀረሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ የጮኸው ያኔ ነው። አንቺ እንደሆንሽ አውቄያለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ማን ይደውልልኛል? ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። አንድ እጄን እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። አንቺ ግን «አውቆ ነው ያላነሳው» እንደምትዪ ገባኝ።

ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኪና ስር ሆነህ ‹ርገጪ›፣ ‹ልቀቂ›፣ ‹ያዥ› ከማለት በቀር ምን ብለኸኝ ታውቃለህ?» ያን ቀን እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ዝም አልኩሽ። ካምቢዮ ተሸክሜ መልሱን ብፈልገውም አላገኘሁትም። አለቀስኩ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ እንኳ አልነበረኝም።

በመጨረሻ በያጁን ተጣራሁ። እየሮጠ መጥቶ ክሪኩን አስተካከለና ከኋላ በኩል ትንሽ ሲያዞረው፣ ካምቢዮው ዘው ብሎ ቦታው ገባ። «ጋሼ፣ መጥራት ምን ይከብዳል?» አለኝ። ፔዳሉንም እሱ ረገጠልኝ፤ ያንቺ ቦታ ላይ ተቀምጦ። ቻልኩት።

ዛሬ ጠዋት አስነሳኋት። ማርሹ ያለ ምንም ድምፅ ገባ። አንዳች ነገር ቢንኳኳ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ዳገቱንም ወጣችው። ከእንግዲህ የማመካኝበት ነገር የለኝም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ደጅሽ ነኝ። ቁም ሳጥኑን ከበያጁ ጋር እናወርዳለን፤ የስፌት መኪናሽን ግን እኔ ራሴ ይዤልሽ እገባለሁ። ተመለሺ ልልሽ አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዕቃሽን አስቀምጬ ስጨርስ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ፤ አንገቴን ደፍቼ ወደ መኪናዋ እሄዳለሁ። ያኔ «ግባና ተቀመጥ» በይኝ። የምልሽን ገና አላገኘሁትም፤ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ልፈልገው።

እባክሽ፣ በይኝ።

ባልሽ