ሮክ ብቻ ያልነው አልበም

ግንቦት 3፣ 2009፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ዛሬም ዝናብ አባረረን። አራተኛውን ዘፈን ለሦስተኛ ጊዜ እየቀዳን፣ ልክ ማለቂያው ላይ፣ ቆርቆሮው መንጎድ ጀመረ። ሁሉም ማይኩ ውስጥ ገባ። ኦጁሉ ጊታሩን አስቀምጦ ጣሪያውን ተሳደበ። በአማርኛ። ሲናደድ አማርኛው ይጣፍጣል።

አዲስ ደብተር ነሽና ሰው ላስተዋውቅሽ። ሦስት ነን። ኦጁሉ፦ ጊታርና ድምፅ። ፖቻላ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አድጎ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ ወደዚህ ወደ ጁባ የተመለሰ። ከአሁን ወዲያ ኦ. እለዋለሁ። ላዶ፦ ድራም። የጁባ፣ የና ባሪ ሰፈር ልጅ። የሚያውቀው አማርኛ «ሽሮ»፣ «ጥብስ» እና «ቆይ»። የቀረውን በጁባ አረብኛ እንግባባለን፣ ሲያቅተን ኦ. ያስተረጉማል። እኔ ሰብለ፦ ቤዝ። ምሳና እራት ላይ እኅቴ ምግብ ቤት አስተናግዳለሁ። ስቱዲዮ የምንለው የምግብ ቤቱ ዕቃ ቤት ነው፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር። ሽንኩርቱን ጥግ አስያዝን፣ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ አቆምን፣ አለቀ።

ዕቅዱ የኦ. ነው። ዘጠኝ ዘፈን፣ ዘጠኙም ሮክ። ላፕቶፑና መቅጃው ግን የጓደኛው ናቸው። ሰውየው በወሩ መጨረሻ ጠቅልሎ ካምፓላ ይሄዳል። እስከዚያ ካልጨረስን አልበም የለም።

ዝናቡ አባራ። ወዲያው የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሳ። ከመሳቅ በቀር ምን ይባላል።

ግንቦት 5፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9 ሰ.

አምስተኛው ዘፈን አመፀ። ላዶ ዱላዎቹን ይዞ ገባና ሳያስፈቅድ ሬጌ መታ። ኦ. አይሆንም አለ። ላዶ «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ ብሎ መምታቱን ቀጠለ። ጣቶቼ ተከተሉት። እኔ አላዘዝኳቸውም፣ እውነቴን ነው። ኦ. እጁን አጣጥፎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እግሩ መወዝወዝ ጀመረ። ከዚያ ኦ. ራሱ ጊታሩን ይዞ ገባበት።

ሁለተኛው ዘፈን ባለፈው ሳምንት ብሉዝ ሆኖብን ነበር፣ ይሄ ሬጌ። ኦ. ሲወጣ፣ አልበም ነው የምንሠራው ወይስ ሁሉ ነገር የተደባለቀበት ካስተም ገበያ ብሎ ጠየቀኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ የሬጌውን ዜማ ያፏጫል።

ደስ ብሎኛል። እንዲሁ፣ ያለ ምክንያት።

ግንቦት 7፣ ሰኞ

አስናቀች (ታላቅ እኅቴ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት) ዛሬ ሰሃን ሳጥብ ሰማችኝ። እያንጎራጎርኩ ነበር። ዘፈን ጀመርሽ እንዴ አለች። የለም፣ ውኃው ነው አልኳት! ምን ዓይነት መልስ ነው?

ለአንቺ ልንገርሽ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ደሴ፣ ለወጣቶች ባንድ ዘፋኝነት ተፈተንኩ። ድምፄ ወፍራም ነው፣ ሻካራም ነው። ፈታኙ ግማሽ ላይ አስቆመኝና ይቺ ልጅ ዘበኛ ብትሆን ይሻላል አለ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ጥግ ላይ ማንም የማይፈልገው ቤዝ ጊታር ተደግፎ ነበር። እሱን ያዝኩ። ይኸው እስከ ዛሬ። ሰው ፊት አልዘፍንም።

ሰሃኑ ግን አንድ ዜማ አስጨርሶኛል። አንቺሆዬ ነው ቅኝቱ። ከገበያ ተሸክማ ስትመጣ ዝናብ የሰው በረንዳ ላይ ስላስጠለላት ሴት። ለኦ. አላሳይም፤ ሮክ አይደለም።

ግንቦት 10፣ ሐሙስ

ኦ. ወባ ያዘው። ክፉኛ። ሳምንት ተኛ ተብሏል። ስድስት ዘፈን አለቀ፣ ሦስት ቀረ፣ የላፕቶፑ ሰውዬ ሊሄድ ሁለት ሳምንት።

ላዶ ግን መጣ። በሩን ዘጋ፣ ተቀመጠ፣ ያቺን የሰሃን ዜማ በአፉ አፏጨልኝ! ለካ ሲሰማኝ ከርሟል። ድራሙን ትቶ ባዶ ጀሪካን አነሳ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው አመታት ነው አለኝ። ጀሪካኑ እንዲህ ይናገራል ብዬ አላሰብኩም። ቤዙን ቀዳን። ድምፁን ደግሞ ኦ. ሲድን እንዲያጠናው ብዬ እኔ ቀስ ብዬ አልኩት። ለማጥኛ። ለማጥኛ ብቻ።

ግንቦት 13፣ እሑድ፣ ከሰዓት 11 ሰ.

ለኦ. የዶሮ ሾርባ ይዤለት ሄድኩ። ዓይኑ ገብቷል፣ ትከሻው የሕፃን ሆኗል። ዘፈኑን በሄድፎን አሰማሁት። አንዴ ሰማ። ደገመ። ጣሪያውን እያየ ሄድፎኑን መለሰልኝ።

«ሰብልዬ፣ ይሄን እኔ አልዘፍነውም።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ይማርህ ብዬ ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ። የቦዳ ሞተር ነጂው ልጅ ምን ሆነሻል ሲለኝ እሱንም ተቆጣሁት። ምን ጠብቄ ነበር? ሮክ አይደለም፣ ቁርጡን ነገረኝ፣ በቃ። እንደዚህ የሚያቃጥል ግን አልመሰለኝም። ሾርባውን እንኳ አልቀመሰም።

ግንቦት 16፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 5 ሰ.

ኦ. መጣ! ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመው። ሰላም ሳይል ጊታሩን ማጉያው ላይ ሰካ፣ የሰብለን ዘፈን ክፈቱልኝ አለ፣ ከሥሩ ሻካራ የሚያጉረመርም ጊታር አስገባበት። አንቺሆዬና ዲስቶርሽን። ፀጉሬ ቆመ።

ከዚያ ማይኩን ወደኔ ገፋው። እሑድ ያለው ነገር ለካ ሌላ ነበር፦ እሱ ከዘፈነው ይበላሻል ማለቱ ነው። ታዲያ እንዲህ አይልም ነበር? ትኩሳት ላይ ነበርኩ ይላል።

እምቢ አልኩ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የደሴውን ነገር አወጣሁት። ኦ. አልሳቀም። ለላዶ በአረብኛ ነገረው። ላዶ ረጅም ነገር መለሰ።

«ምን አለ?»

«አክስቱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ትመራለች። ድምፅዋ ካንቺ ይወፍራል። ስትጀምር ቄሱ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል ነው የሚለው።»

መሳቅ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ለእሑድ እሺ አልኳቸው።

ግንቦት 20፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10 ሰ.

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሺው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ግጥሙ ጠፋኝ። ሁለተኛው፦ ለማጥኛ ያህል ብቻ አንጎራጎርኩ። ኦ. ፊታችሁን አዙሩ ብሎ እሱም ላዶም ፍራሹን እያዩ ቆሙ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች፣ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች። ሦስተኛውን ለቀቅኩት። እስከ ታች፣ እስከ ሻካራው ድረስ።

ልጨርስ ስል በሩ ተበረገደ። አስናቀች፣ ጭልፋ በእጇ።

«ማናት እሷ?»

ኦ. «እትዬ አስናቀች፣ እየቀዳን እኮ ነው!» አለ።

«አራት ቁጥር ጠረጴዛ ያሉት ሰውዬ ሬዲዮ መስሏቸው፣ ድምፁን ጨምሪው ብለውኛል። ማናት?»

እያየችኝ ገባት። ጭልፋው ዘይት ያንጠባጥባል። አንገቴን ደፋሁ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ጭልፋዋን ጀርባዋ ደበቀችና፣ በሉ ድገሙት፣ በሩን እኔ እይዛለሁ አለች። እውነትም ውጭ ቆማ ያዘችው። ወጡ አረረ።

አራተኛው ሙከራ ነው የገባው። ዝናብ የለ፣ ጄኔሬተር የለ። ሲያልቅ ላዶ «ቆይ» አለ። በአማርኛ። ሌላ ቃል ስላጣ ይመስለኛል።

ግንቦት 24፣ ሐሙስ

አለቀ። የመጨረሻዎቹን ሁለት በሦስት ቀን ጨረስን። አንዱ ንጹሕ ሮክ፣ ለኦ. ካሣ። ሌላው ላዶ በቋንቋው፣ በባሪ፣ የሚያወራበት፣ ምን እንደሆነ ስም ያላገኘንለት። ሰውየው ላፕቶፑን ወሰደ፣ እኛ ቅጂውን ያዝን።

ዛሬ አራታችንም (አስናቀች ጭምር) ቁጭ ብለን ከአንድ እስከ ዘጠኝ ሰማን። ብሉዝ፣ ሬጌ፣ አንቺሆዬ፣ ጀሪካን። ኦ. ምንም አይገጥምም ብሎ ፈርቶ ነበር። ሲያበቃ፣ ይሄ እኮ እኛን ነው የሚመስለው አለ። ከዚያ የሽፋኑን ወረቀት አወጣ። ስሜ ጎን «ቤዝ» ብሎ ጽፏል። ብዕሩን ተቀብዬ «እና ድምፅ» ብዬ ጨመርኩ። ላዶ ፊደሉን አጎንብሶ አየው፣ እንዳነበበ ሰው።

ቅዳሜ ወንዙ ዳር ያለው ሆቴል አዲሱን ሥራ እንድናሰማ ጠርቶናል። በቀን፣ ለምሳ ሰዓት። ኦ. የሰሃኗን ዘፈን ብንዘላትም ይሆናል፣ አላስገድድሽም አለኝ። ከሰዓት ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ወስኛለሁ። አንዘላትም። ፊታቸውንም አያዞሩም፣ ይዩኝ። የምለብሰው ግን የለኝም፤ አስናቀች የፋሲካ ቀሚሷን ልታሳጥርልኝ መርፌ ይዛ እየጠራችኝ ነው፣ ቆይ መጣሁ።