ስሜን ብቻ ቀይረሽ

ኤልሮኢ፣
ብቻሽን እንዳትገቢ። በሩ ተገንጥሏል። ወለሉ ላይ ያለው ደም የእኔ ብቻ አይደለም።

ደምመላሽ ከገሰራ መጣ። አዎ፣ ጥዬው የሸሸሁት ባሌ፣ ዩኒቨርሲቲ ለክፍል ተማሪዎችሽ ታሪኩን ያቀረብሽው። «ታሪክሽን የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብሎ ሰማው» እያለ ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር አላተመው።

የሥነ ልቦና ተማሪ የሰው ምስጢር ሳያስፈቅድ አያወራም የሚለውን ደንባችሁን ለፈተና ስታጠኚ፣ ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነበርኩ ወረቀቱን ይዤ የምጠይቅሽ። በቃልሽ ወጣሽው። ከዚያ ስሜን ብቻ ቀይረሽ ገሰራን፣ የተቆረጠ ጆሮዬን ሳይቀር አወራሽ።
ጎበዝ። ስንት ሰጡሽ?

ካውያሽ ተሰብሯል። ፊቱ ላይ ነው የሰበርኩት፤ ጥርሶቹም አብረው ረገፉ። ለካውያው ይቅርታ።

ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ አንቺንም አይምርሽም። ዛሬ ጎባ እህትሽ ጋ እደሪ። ልብስሽንና ደብተሮችሽን አከራያችን አዴ ዘይነባ ጋ አስቀምጫለሁ። ደም የነካውን ሹራብሽን አጥቤዋለሁ፣ ገና አልደረቀም።

የምሄድበትን አልጽፍልሽም። ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ይህኛውን ለክፍል ብታቀርቢው ግን ፈቅጃለሁ። ካውያውንም፣ ጥርሱንም ተናገሪ።
ስሜን እንዳትቀይሪ።

አዜብ