የአጎቴ ጭምብል

ኅዳር 4
ዛሬም የጨረር ሕክምና ጭምብል ስሠራ ዋልኩ። ወንፊት መሳዩን ፕላስቲክ ሙቅ ውኃ ውስጥ ማለስለስ፣ የታማሚው ፊት ላይ መወጠር፣ እስኪጠነክር መጠበቅ። ወገቤ አለቀ። የነገው ሰውዬ ዕጢው ከዓይኑ ኋላ ነው አሉ።

ኅዳር 5
አጎቴ ነው፤ ካርዱ ላይ ካለው ስም አወቅኩት። የአባቴ ወንድም፣ ራሱ። አባዬ በሞተ በወሩ እማዬን ከነልጇ ዝናብ ላይ ያወጣት። በሩን ስትደበድብ ከውስጥ "አላውቅሽም" ያላት።

አላወቀኝም... ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ።

"ልጄ፣ ያማል እንዴ?"

ልጄ? አፉን ሞልቶ!

"አያምም ጋሼ፣ ብቻ እንዳይነቃነቁ።"

ጭምብሉን ትንሽ ባላላውስ? የምንሰጠው ፕሮቶን የሚባል ጨረር እንደ ሌላው በስቶ አያልፍም፣ የታዘዘበት ደርሶ ይቆማል። ጭንቅላቱ ቅንጣት ታህል ከተነቃነቀ ግን ጨረሩ የሚያርፈው ዓይኑ ላይ ነው።

ኅዳር 6
አላላላሁትም። ፈርቼ? አይደለም። ዓይኑ ይትረፍ። በዚያው ዓይኑ እማዬን ያያታል፣ አንገቱን ይደፋል። እሷም የልቧን ትነግረዋለች። እኔም ቆሜ አያለሁ።

ኅዳር 21
ሕክምናው ተጀመረ። ጭምብሉን ከአልጋው ጋር ስቆልፈው ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 12
በመጣ ቁጥር ይመርቀኛል። "እጅሽ ይባረክ፣ ልጅ ይውጣልሽ።" አሜን እያልኩ ጭምብሉን እቆልፋለሁ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ አላቆመችም። "መቼ ነው የሚጨርሰው?" አለች፣ በቃ።

ጥር 9
ዛሬ ጨረሰ። ዓይኑም ተረፈ። እማዬ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጣለች። የጭምብሉ ወንፊት ፊቱ ላይ እንደታተመ ወጣ። ሲያያት ባለበት ደርቆ ቀረ።

"እትዬ..." አለ።

አሁን ትለቅበታለች ብዬ ስጠብቅ... ቀና ብላ አየችው፣ መንገድ ላይ እንዳገኘችው ሰው።

"ይማርዎት ወንድሜ። ከሰው ጋር ተምታቶብዎት ነው፣ እኔ አላውቅዎትም።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

"እኔ ነኝ እኮ... እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ" እያለ በሩ ድረስ ተከተላት። ዞር አላለችም።

ታክሲ ውስጥ ጠየቅኳት። "እውነት አላወቅሽውም?"

"ገና በሩን ሲከፍት ነው ያወቅኩት። እኔም ያን የዝናብ ሌሊት በሩ ላይ 'እኔ ነኝ እኮ' ስለው ነው ያደርኩት።"

እኔ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ሳያስፈልግ ቀረ። ማታ እማዬ እራቷን አስጨምራ በላች።