ለሻምፒዮን አይታዘንም

ሰኞ
በቴኒስ አሸነፍኳት። ስድስት ለአንድ። ሃና እኮ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ነርስ ናት፣ ጧት ጧት ትሮጣለች። እኔ ስድሳ ስድስት። ይኼን በገዛ እጄ ስጽፈው ድሉ ሁለት ሆነ፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ገና መጨረሴ ነው።
እዚህ አሜሪካ፣ የታከር ከተማ አበሻ ሴቶች ቡድን ለቅዳሜ ውድድር አንድ ሰው ጎድሎታል። ማን እንደምትሞላው ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድም።

ማክሰኞ
አልተደወለልኝም። የቡድኑ አለቃ መሠረት ፀጉር ቤት አላት፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል።
እስከዚያ ታሪኬን ልጻፍ፣ ሌላ ሰው ከጻፈው ያሳንሰዋል። አዲስ አበባ አንድ ክበብ ውስጥ ኳስ ለቃሚ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ከግድግዳ ጋር እጫወታለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የሴቶች ሻምፒዮን ሆንኩ፣ ሦስት ዓመት ተከታትዬ። ዋንጫው በየዓመቱ ለክበቡ ይመለሳል፤ ጭብጨባው ቀረልኝ። ከዚያ አገባሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «በአጭር ቀሚስ፣ ሰው ፊት?» አለ። ራኬቱ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፣ እኔ ወጥ ቤት ገባሁ።

ረቡዕ
ራሴ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። አንዷ ፀጉሯን ልታደርቅ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የሚያንሾካሹክ ይመስለዋል። «ሃና እኮ ሆን ብላ ለቃላቸው ነው» ትላለች ጮክ ብላ። «እናቴን የሚያክሉ ሰው ላይ እንዴት አድርጌ ልምታ አለች።»
መሠረት ደነገጠች። «እትዬ ዘነቡ፣ እንዳይቀየሙን። እርስዎ እናታችን ነዎት። ቢወድቁብንስ?»
እናትነቱን ሰጥታኝ ቦታዬን ወሰደችው።
«ነገ ሃናን ሜዳ ላኪያት» አልኳት። «አሁንም ከለቀቀችልኝ እረግማታለሁ በያት።»
ራት አልበላሁም። መሸነፍ አውቃለሁ። ታዝኖልኝ ማሸነፍ ግን አዲስ ነው።

ሐሙስ
እርግማን ያስፈራል። ሃና አማተበችና መታችው፤ ኳሱ በጆሮዬ ሥር ሲያልፍ አላየሁትም። አምስት ለዜሮ። ዘነቡ፣ ማን ላኪያት አለሽ?
መሮጡን ትቼ ማስሮጥ ጀመርኩ። አንዱን መረቡ ሥር ጠብ፣ ሌላውን ከራሷ በላይ። «ኧረ እትዬ፣ በማርያም» አለች እያለከለከች።
«ሩጪ፣ ሩጪ። ወጣት አይደለሽ?»
ስድስት ለሦስት ተሸነፍኩ። ሦስቱን ግን ማንም አልሰጠኝም።
መሠረት አጥሩ ጋ ቆማ ስታይ ነበር። መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ዓርብ
ጉልበቴ አብጧል፣ በረዶ አድርጌበታለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሳይ ዋልኩ፤ ለሚጠይቀኝ ግን ሰዓት ነው የማየው።
ማታ መሠረት ደወለች። «ከሃና ጋር፣ ለጥንድ ጨዋታ። እሷ ትሩጥ፣ እርስዎ መረቡን ይያዙ።»
ሻምፒዮን ቶሎ እሺ አይልም። «ላስብበት» አልኳት፤ ስልኩን ሳትዘጋው እሺ አልኩ።
ተጋጣሚዎቻችን ፈረንጆች ናቸው፣ ጠንካሮች ናቸው አሉ። ጉልበቴ እስከ መጨረሻው ይዘልቅ እንደሆነ አላውቅም። ግን እትዬ ማለት አያውቁም፣ ተመስገን። ዝም ብለው ይመቱብኛል።